መርከብ ላይ ባዳ ሆኜ

ባሕር ያየሁት በስተርጅና ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ነቀምቴ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች «አዴ ጽጌ፣ መርከቡ እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ትልቅ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ትልቅ መሆኑ እውነት ነው። የቀረውን ለማንም አልነገርኩም። አሁን የምጽፈው ልጄን ለመክሰስ አይደለም፤ ስሙንም ለውጬዋለሁ። ሰው ትንሽ ጥቅም ለማግኘት ብሎ እንደ ቀልድ የሚያደርገው ነገር አለ። አንዳንዱ ቀልድ ደግሞ ከአፍ ከወጣ በኋላ ቀልድ ሆኖ አይመለስም። ይህን ስላየሁ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልናገር። አባቴ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ሰው ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ፣ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ ተቀጠርኩ። ያኔ ደምቢ ዶሎ ያለ ሰው አዲስ አበባ ለመደወል በእኛ እጅ ያልፍ ነበር። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ማን ልበል?» እላለሁ፤ ሁለቱን ሰዎች አገናኛለሁ፤ መስመሩ መያዙን አረጋግጬ እወጣለሁ። እስክወጣ ድረስ ስንት ነገር ይሰማል! የሰማነውን እዚያው ትተን ወደ ቤታችን መሄድ ሥራችን ነበር። ዝምታን የተማርኩት እዚያ ነው።

ባሌ መምህር ኦላና፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከነቀምቴ ብዙ የማትርቀው የጉቴ ሰው ነበር። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። የእኔ ዘመዶች ከንፈር መጠጡልኝ። የእሱ ወገኖች ግን ልጅ ሰጡኝ። ጉዲፈቻ በእነሱ ዘንድ ማሳደግ ብቻ አይደለም፤ መውለድ ነው። ገመቹን የወለደችው ከጉቴ ወጣ ብላ የምትኖር የባሌ ዘመድ ናት። ሕፃኑን ስንቀበል ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ቆመው መረቁን። ከምርቃቱ በኋላ አንዱ አዛውንት «ከዛሬ ወዲያ ይህን ልጅ ‹እናትህ እሷ አይደለችም› የሚል አፍ ይዘጋ» አሉ። የቆመው ሁሉ «ይዘጋ» አለ። እኔም አልኩ።

ማንም ትንፍሽ አላለም። የወለደችው ሴት ራሷ ገበያ ላይ ስታገኘኝ «ልጅሽ አደገ» ነበር የምትለኝ። ገመቹ በአባቱ ቋንቋ «ሀርሜ» ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ እናቴ ማለት ነው። ነገሩን ያውቅ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

አድጎ ተማረ፤ ዱባይ ሄዶ በአንድ ድርጅት የዕቃ ግዢ ሥራ ያዘ። ሌንሴን አገባ፤ ሲፈንን ወለዱ። ልጅቷን በስልክ አሳደግኋት ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ሲደውል ስልኩን ትነጥቀውና «አኮ!» ትለኛለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። ጥርሷ ሲነቀልም፣ ትምህርት ቤት ስትገባም የሰማሁት በስልክ ነው። አቅፌያት አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገመቹ «ሀርሜ፣ መርከብ ልወስድሽ ነው» አለኝ።

«ምን ልሠራ?»

«ልትዝናኚ ነዋ! ሆቴል ማለት ነው፤ ግን ባሕር ላይ ይሄዳል።»

«እኔ ሆቴሉ ቆሞም ቢሆን አልወድም።»

ሳቀ። «ሲፈን ካንቺ ጋር ነው የምታድረው። አንድ ክፍል፤ አንቺና እሷ ብቻ።»

ያን ጊዜ እሺ አልኩ። የሄድኩት ለባሕሩ አልነበረም።

ጎረቤቴ ጫልቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። መንገዱ ክፍት የነበረበት ሳምንት ነበር። «አዴ ጽጌ፣ ጊቤን ሲሻገሩ እንኳ ዓይንዎን የሚጨፍኑ ሰው!» እያለች ሳቀችብኝ። ቀጥላ ግን እጄን ይዛ «ዋቅኒ ሲን ሃ ኤጉ» አለችኝ፤ እግዚአብሔር ይጠብቅዎት።

ዱባይ በደረስኩ ማግስት ገመቹ ሳሎን ውስጥ አስቀምጦ የመርከቡን ነገር አስረዳኝ። ሲናገር ዓይኑ ይበራ ነበር። ዋጋ አስቀንሶ ወይም ምርቃት አስጨምሮ መግዛት ከልጅነቱ ይወዳል፤ ሥራውም ይኸው ሆነ።

«መርከቡ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ስጦታ ይሰጣል። ከላይኛው ፎቅ ምግብ ቤት የግብዣ እራት፣ ስፓ፣ መርከቡ ላይ የምናጠፋው ገንዘብ። ግን ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ነው። እኛ በአንድ ላይ ከተመዘገብን አንድ ይሰጡናል። ለሁለት ከተከፈልን ሁለት።»

«እንዴት ነው የምንከፈለው?»

ሌንሴ ቀበል አድርጋ «እኔና እርስዎ አንድ ክፍል እንመዘገባለን፣ እማማ። እሱና ሲፈን ሌላ ክፍል። ከገባን በኋላ እርስዎና እሱ ቁልፍ ትለዋወጣላችሁ። አለቀ!» አለችኝ።

«አንድ ቤተሰብ መሆናችንን አያውቁም?»

ገመቹ ጉልበቱን መታ። «ውበቱ እሱ ላይ ነው! ፈረንጅ ቢሆን ባልም ሚስትም እናትም በአንድ ስም ነው የሚጠሩት፤ ወዲያው ይያዛሉ። የእኛን ፓስፖርት ቢገልጡት ምን ያገኛሉ? ሌንሴ በአባቷ ስም፣ አንቺ በአባትሽ ስም። አባትና ልጅ፣ ከዚያ ደግሞ የማይተዋወቁ ሁለት ሴቶች።»

እውነቱን ነው። ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። በእኛ አገር እናት በልጇ ስም ውስጥ የለችም። ገመቹ ስሙ ላይ ያለው የባሌ ስም ነው፤ እኔ የትም አልተጻፍኩም። እናት ናት የሚያሰኘው የልጁ አፍ ብቻ ነው።

ወደቡ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከመዝገቢያው ጠረጴዛ ጀርባ አንዲት ፈገግተኛ ወጣት ፎቶ እያነሳች ካርድ ትሰጣለች። ካርዱ በር ይከፍታል፤ በውስጡ የባለቤቱ ፎቶ አለ። ወረፋችን ሲደርስ አራታችንንም አየችን። ሲፈን እጄን ይዛ ነበር።

«አንድ ቤተሰብ ናችሁ?» አለች በእንግሊዝኛ።

ገመቹ እየሳቀ «አይ፣ እኔና ልጄ ነን» አላት። «እነሱ የአገራችን ሰዎች ናቸው። እዚሁ ሰልፍ ላይ ተገናኘን።»

እንግሊዝኛ እሰማለሁ፤ ስልክ ቤት ያለ እሱ አይሠራም ነበር። እሱም መስማቴን ያውቃል። ልጅቷ ፈገግ ብላ ካርዶቹን ለየብቻ ሰጠችን። ከጠረጴዛው እንደራቅን ሌንሴ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ዛሬ ፈታኝ እኮ! በምስክር ፊት!»

«ከፈለግሽ ዛሬውኑ እንደገና አገባሻለሁ» አላት።

እሷን መካዱ ለምን እንዳላስከፋት ገባኝ። ለሠርጓ ግማሽ ነቀምቴ ተጠርቶ ነበር። ‹ሚስቴ አይደለችም› ቢል ሐሰት ነው፤ ሐሰቱም ስለሚታወቅ ያስቃል። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ደረጃውን ስንወጣ ገመቹ ሲፈን ፊት ተንበረከከ። «የእኔ ቆንጆ፣ እስክንመለስ ድረስ ጨዋታ እንጫወታለን። አኮን ‹አንቲ› ነው የምትያት፣ እሺ?» አላት፤ በእንግሊዝኛ አክስት ማለቱ ነው።

«ለምን?»

«ሰው ይሰማል። መርከቡ ላይ የኛ አገር ሠራተኞች አሉ።»

ልጅቷ አየችኝ። እኔ ባሕሩን አየሁ።

ማታ ክፍላችን ስንገባ ግን ሁሉንም ረሳሁት። አልጋዎቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ በክቡ መስኮት ውኃው ይታያል። ሲፈን በሩን ዘጋች፤ በእጇ ገፍታ መዘጋቱን አረጋገጠች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እዚህ ውስጥ አኮ ልበልሽ?» አለችኝ።

«በይ፣ ልጄ።»

«አኮ» አለች። «አኮ፣ አኮ፣ አኮ።» ቀኑን ሙሉ አፏ ውስጥ ይዛው የዋለች ይመስል።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ገመቹና ሌንሴ ወደ ስፓ ሄዱ። ስጦታው ለአንድ ሰው ነበር፤ ለሁለት በመከፈላችን ባልና ሚስት አብረው ለመታሸት በቁ። «ስልክ ማስገባት አይፈቀድም አሉን፤ ሲፈንን አደራ» ብለውኝ ሄዱ። እኔና ሲፈን ላይኛው ፎቅ ወጥተን ጥላ ሥር ተቀመጥን። አይስክሬም ጠየቀች፤ አስመጣሁላት። አረንጓዴ ነበር። ለውዝ እንዳለበት አላወቅኩም፤ ለውዝ እንደማይስማማትም የነገረኝ የለም። እሷም ቀምሳው የማታውቅ ዓይነት ነበር።

ጥቂት ቆይታ «ከንፈሬ ያሳክከኛል» አለች። ሳያት ከንፈሯ አብጧል። አንገቷ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቷል። ስትተነፍስ ያፏጫል።

ተሸክሜያት ሮጥኩ። በዚያ ዕድሜዬ ልጅ ተሸክሜ እሮጣለሁ ብዬ አላስብም ነበር። አንድ የጽዳት ሠራተኛ አየኝና መንገድ እያስለቀቀ እስከ ክሊኒኩ አደረሰኝ። ሐኪሙ ምንም ሳይጠይቅ ጭኗ ላይ መርፌ ወጋት፤ ኦክስጅን አደረገላት። አላዘገዩም፤ እዚህ ላይ አመሰግናቸዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ ፉጨቱ ቀረ። ከንፈሯም መጉደል ጀመረ። ያን ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ነርሷ ለመመዝገብ የያዝኩትን ካርድ ተቀበለችኝ። መሣሪያዋ ላይ ስታስነካው የገመቹ ፊት ወጣ።

«ይህ የእርስዎ አይደለም» አለችኝ።

«የአባቷ ነው።»

«እንዴት እጅዎ ገባ?»

«እሱ ሰጠኝ። ልጄ ነው። እኔ አያቷ ነኝ።»

ስሜን ጠየቀችኝና ፈለገች። ፊቷ ተለወጠ። «እርስዎ የተመዘገቡት ሌላ ክፍል፣ ከሌላ ሴት ጋር ነው። ከዚህች ልጅ ጋር ዝምድና የለዎትም።»

«አያቷ ነኝ» አልኩ እንደገና።

ነርሷ ክፉ ሰው አልነበረችም። የማታውቃት አሮጊት የሰው ካርድ ይዛ የሰው ልጅ ይዛ መጣችባት። እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። አልጋው አጠገብ ዝቅ ብላ ሲፈንን በለሰለሰ ድምፅ «እኚህ ሴት ምንሽ ናቸው?» አለቻት።

ሲፈን ጭምብሉን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች። አየችኝ። ከዚያ በሩን አየች፤ ሰው ይሰማ እንደሆነ። አባቷ ያላትን እያስታወሰች እንደሆነ ገባኝ።

«አንቲ ናት» አለች።

«የአባትሽ እህት ናቸው ወይስ የእናትሽ?»

ልጅቷ ይህን አልተማረችም። አሰበች። «የማንም እህት አይደለችም።»

ነርሷ ስልክ አነሳች። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የጥበቃ ኃላፊ መጣ። በትሕትና፣ ክንዴን ሳይነካ፣ ከልጅቷ አልጋ አርቆ በሩ ውጭ አስቀመጠኝ። አጠገቤ ቆመ። የሚያልፉ ሰዎች ያዩኛል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሲፈንን እግር አያለሁ።

ገመቹን ከስፓ ጠርተውት መጣ። ሌንሴ በመዝገቡ ባዳ ስለሆነች እሷን የጠራት የለም፤ ሌላ ክፍል እየታሸች ነበር። ነጭ ካባ ለብሷል፤ አንገቱ ዘይት ያብረቀርቃል፤ የወረቀት ነጠላ ጫማው እየተንሸራተተ ይሮጣል። በቀጥታ ወደ ልጁ ገባ፤ ሳማት፤ ሐኪሙን አነጋገረ። ደህና መሆኗን ሲያውቅ ወጣ።

ኃላፊው «ጌታዬ፣ እኚህ ሴት የልጅቷ አያት ነኝ ይላሉ» አለው። «እናትዎ ናቸው?»

ገመቹ አየኝ። እኔም አየሁት። ጊዜ ሰጠሁት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የማውቀው ፊት ነው፤ ሊናገር ሲል የግራ ቅንድቡ ይንቀሳቀሳል። ተንቀሳቀሰ።

«አይደለችም» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ጨመረበት። «የአገራችን ሰው ናት። በእኛ ባህል ልጆች በዕድሜ የገፋችን ሴት ሁሉ አያቴ ይላሉ። ልጄን ስለምትወዳት ነው።»

«ኦ፣ ባህል ነው!» አለ ኃላፊው። ፊቱ ፈካ። ወደ እኔ ዞሮም ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ደግ ጎረቤት እንደሆንኩ ነገረኝ።

ሲፈንን ነርሷ ጋር ትተን ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣን። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። ገመቹ አጠገቤ ቆሞ ካባውን ያጠብቃል። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

«ሀርሜ፣ ታውቂያለሽ፤ እናቴ ናት ብል ሁለቱንም ስጦታ ይነጥቁናል። ቅጣትም ያስከፍሉናል። እንዲያውም ያስወርዱናል የሚሉም አሉ።»

«ልጅህ መርፌ ተወግታ ተኝታ ነበር።»

«ደህና መሆኗን አይቼ ነው እኮ የወጣሁት!»

«እኔ ከበር ውጭ በዘበኛ ተጠብቄ ነበር።»

«አንድ ቃል ናት፣ ሀርሜ። ለምን ታከብጂያታለሽ? ሌንሴንም ክጃታለሁ። እሷ ስቃ አለፈች።»

«ሌንሴ ብትካድም ሚስትህ ናት።»

ይህን ሳልፈልግ ነው የተናገርኩት። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሁለታችንም ያወቅን ይመስለኛል። ቢተወው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

«ለነገሩ» አለ ውኃውን እያየ፤ «ሐሰት አልተናገርኩም። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ።»

ሞተሩ ከእግራችን ሥር ይንጓጓል። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት።

«ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ። ጉቴ ለቀብር የሄድን ጊዜ።»

ያን ቀብር አስታወስኩት። የተቀበረችው የወለደችው ሴት ነበረች። ማታ ቤት ስንገባ እራት አልበላ አለ። ትልቅ ልጅ ሆኖ አልጋዬ ውስጥ ገብቶ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ አደረ። የሬሳ ሣጥን ስላየ ፈርቶ ነው ብዬ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አውቆ ‹ሀርሜ› ሲለኝ ኖሯል፤ አውቆ ዝም ብሎልኛል። ቀና ብዬ አየሁት፤ አንገቱ ላይ ያለው ዘይት ገና አልደረቀም።

«እሺ» ብዬው ወረድኩ።

እራቱ እንዳይቀር ተባለ፤ ሐኪሙ ሲፈንን ለቅቋታል፤ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ለሁለት የተከፈለ ቤተሰብ ሁለት ጠረጴዛ ይሰጠዋል። አስተናጋጁ «የአንድ አገር ሰዎች ስለሆናችሁ» ብሎ ጠረጴዛዎቹን ጎን ለጎን አደረገልን። በአንዱ ገመቹና ሲፈን፣ በሌላው ሌንሴና እኔ። ስሙን የማላውቀው ቀይ የባሕር እንስሳ ከነጺሙ ፊቴ ቀረበ።

«አቶ ገመቹ» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጨርሰው ከሆነ ጨዉን ያቀብሉኝ?»

ሌንሴ ፈነዳች። «እማማ ደግሞ ሲያውቁበት!» ከዚያ ፊቴን አየች፤ ሳቋን ዋጠችው።

«ሀርሜ፣ ተይ እንጂ» አለ ገመቹ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ይጠንቀቁ፤ ሰው ይሰማል።»

ጨዉን አቀበለኝ። «አመሰግናለሁ፤ ኑሩልኝ» አልኩት።

ከዚያ እራት ጀምሮ ልጄን አንተ ብዬ አልጠራሁትም። መርከቡ ወደ ወደቡ እስኪመለስ፣ ከዚያም እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ «እርስዎ» ነበር። አልጮህኩም፤ አላለቀስኩም። ለመርከቡ ሰዎችም አልነገርኩም፤ የሰማሁትን እዚያው ትቼ መውጣት ለምዶብኛል። ማረፊያው በር ላይ ሻንጣዬን ይዞ «ሀርሜ፣ እስከ መቼ ነው?» አለኝ።

«ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። ደህና ይሁኑ» ብዬው ገባሁ።

ነቀምቴ ከገባሁ በኋላ ብዙ ቀን ከቤት አልወጣሁም። ከዚያ አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ጉቴ ሄድኩ። ገበያው ውስጥ በቆሎ የምትሸጥ የገመቹ እህት አለች፤ የወለደችው ሴት ልጅ። ሁልጊዜ ሰላምታ ተለዋውጠን እንተላለፍ ነበር። ያን ቀን ከጆንያዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«በቀብሩ ጊዜ ለገመቹ የነገረው ማን ነው?» አልኳት።

ደነገጠች። አፏን በሻሿ ሸፈነች። ከዚያ «አንድ ጠጪ አጎት ነው፣ አዴ» አለች። «ሽማግሌዎቹ ሊመቱት ነበር። ልጁ ግን ምን እንዳለን ታውቂያለሽ? ሁላችንንም በተራ እያየ ‹የእኔ እናት ነቀምቴ ናት። ይህን ማወቄን እንዳትሰማ፤ ታዝናለች› አለን። ልጅ ነው እኮ! እኛም ማልንለት።»

እኔ የእሱን ጆሮ ስጠብቅ፣ እሱ የእኔን ይጠብቅ ነበር። አንድ መንደር ሙሉ ደግሞ ለሁለታችንም ማለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምን ትላላችሁ? ብዙዎቻችሁ ‹ለመርከብ ሰዎች የተነገረች ውሸት ናት፤ እናት ይቅር ትላለች› እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። ሰነዱን ለያይቶ፣ ቤተሰቡን ከፋፍሎ ጥቅም ማግኘት ዛሬ ብልጠት ነው፤ ለቀበሌም፣ ለሆቴልም፣ ለእርዳታም ይደረጋል። ግን ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። በደም የተሳሰረ ሰው ሲካድ ደሙ ይመሰክርለታል። በቃል ብቻ የተሳሰረ ሰው ግን ከቃሉ በቀር ምስክር የለውም። ኤሳው እንኳ በምስር ወጥ የሸጠው የራሱን ብኩርና ነበር። የእኔን እናትነት የሸጠብኝ ልጄ ነው።

እወደዋለሁ። ይህን አልሸሽግም። ግን ያ ስድስተኛ ክፍል የነበረ ልጅና ካባ የለበሰው ሰው አንድ መሆናቸውን ለማመን ገና ነኝ። አሁን ከእሱ የምፈልገው ይቅርታ አይደለም። ይቅርታማ በየሳምንቱ ይልካል፤ በጽሑፍ። የምፈልገው በሰው ፊት ያለውን በሰው ፊት እንዲመልስልኝ ነው። እስካሁን አልመለሰልኝም።

ያለፈው ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። አነሳሁትና እንደ ድሮ ሥራዬ «ማን ልበል?» አልኩ።

«ገመቹ ነኝ» አለ።

ጠበቅኩ። የሚቀጥለውን ቃል፣ ‹ልጅሽ› የሚለውን፣ ጠበቅኩ። መስመሩ ላይ ትንፋሹ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አልመጣም። ስልክ ላይ ዝም የሚል ሰው መናገር እየፈለገ እንደሆነና እንዳልሆነ መለየት እችላለሁ፤ እየፈለገ ነበር። ከዚያ ንጥቂያ ተሰማና የሲፈን ድምፅ መጣ። ቀስ ብላ ነው የምታወራው።

«ስልክ ላይ ሰው ይሰማል እንዴ?»

ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዕድሜዬን በሰው ንግግር መካከል ተቀምጬ ነው የጨረስኩት።

«አዎ፣ ይሰማል» አልኳት።

ከትንፋሿ የምታስበውን አወቅኩ፤ መርከቡ ክፍል ውስጥ በሩን በእጇ ስትገፋው ታየችኝ። አባቷ አጠገቧ ቆሞ እንደሚያዳምጥ ርግጠኛ ነበርኩ።

«ይስሙ» አልኳት። «ጮክ ብለሽ በይው።»